ሸለቆውን የቆፈረው ወንዙ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ስለ መሬት ገጽታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው በየተራ ላከልኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አጭር ነው፤ አጻጻፉም ደስ ይላል። ጸሐፊው አንባቢን ማሰልቸት የማይወዱ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። ችግሩ፣ ነገሩን ለማቅለል ሲሉ እውነቱንም አብረው ቀንሰውታል።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኸው ነው። የመሬት ገጽታ በከፍታው አራት ዓይነት ነው። ተራራ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ሸለቆን የሚቆፍረው ወንዝ ስለሆነ፣ ሰፊ ሸለቆ ካያችሁ ድሮ ሰፊ ወንዝ ነበረበት ማለት ነው። በረሃን የሠራው ነፋስ ነው። ሜዳ ደግሞ ምንም ያልደረሰበት መሬት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሚሊዮን ዓመታት በመሆኑ የሰው ዓይን አያየውም።

አንድ በአንድ እሄድበታለሁ። ሁሉም እኩል አላናደዱኝም፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የመሬት ገጽታ በከፍታው አራት ዓይነት ነው፤ ተራራ፣ ኮረብታ፣ አምባ፣ ሜዳ»

ይህንን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ለፈተና ይጠቅማል። ግን መሬትን በቁመቱ መመደብ ሰውን ረጅምና አጭር ብሎ እንደ መመደብ ነው። የማን ልጅ እንደሆነና የት እንዳደገ አይነግረንም።

ደግሞስ ቁመቱ ከየት ተነስቶ ነው የሚለካው? ኤቨረስት ከባሕር ጠለል በላይ 8,848.86 ሜትር ነው። ሃዋይ ያለው ማውና ኬያ 4,207 ሜትር ብቻ ነው። የማውና ኬያ እግር ግን የቆመው ውቅያኖስ ወለል ላይ ነው። ከእግሩ እስከ አናቱ ከተለካ 10,000 ሜትር ያልፋል። የቲቤትን አምባ ደግሞ ውሰዱ። አብዛኛው ተንጣሎ የተዘረጋ ምድር ነው፤ አማካይ ከፍታው ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የብዙ አገር ተራሮች አናታቸው የቲቤትን ወለል አይነካም። ታዲያ በከፍታ ከሄድን የትኛው ነው ተራራው?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከአራቱ የቀሩት ናቸው። ዋሻ የት ገባ? ወንዝ ባሕር ሲገባ የሚከምረው ደልታስ? የአሸዋ ክምር፣ የባሕር ዳር ገደል፣ ስምጥ ሸለቆ? አራቱ ሣጥኖች ውስጥ ቦታ የላቸውም። ጥያቄውን «ምን ያህል ይረዝማል?» ከማለት ወደ «ምን ሠራው?» ብትለውጡት ግን ሁሉም ቦታ ያገኛሉ። አንዳንዱ ከታች ተገፍቶ የወጣ ነው። አንዳንዱ ዙሪያው ተበልቶ የቀረ ነው። አንዳንዱ ከሌላ ቦታ ተግዞ የተከመረ ነው። ብዙው ደግሞ የሦስቱም እጅ አለበት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚችው ጥያቄ የሚወጣ ነው።

«ተራራ የሚፈጠረው ከእሳተ ገሞራ ነው»

አንዳንዱ፣ አዎ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1943 ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳው መሬት ተሰንጥቆ ጭስ ሲወጣው አየ። በዓመቱ እዚያው ማሳ ላይ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝም ክምር ቆሞ ነበር። ስሙ ፓሪኩቲን ነው። በ1952 ሲበርድ ቁመቱ 400 ሜትር አልፎ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው እሳተ ገሞራ ተራራ ይሠራል ማለታቸው ልክ ነው። የሳቱት «ሁሉ» ሲሉ ነው።

ኤቨረስትን እንመለስበት። የኤቨረስት አናት የኖራ ድንጋይ ነው። ውስጡ የጥንት የባሕር እንስሳት ቅሪት አለ። እሳተ ገሞራ ደግሞ የባሕር እንስሳ አይተፋም። ያ ድንጋይ የተሠራው ባሕር ወለል ላይ ነው። ታዲያ እንዴት እዚያ ወጣ? ሕንድን የተሸከመው የምድር ቅርፊት ወደ ሰሜን ሲጓዝ ቆይቶ የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከእስያ ጋር ተጋጨ። የውቅያኖስ ወለል ከባድ አለት ስለሆነ ሲገፋ ወደ ታች ይሰምጣል። አህጉር ግን ቀለል ያለ ነው፤ በዋዛ አይሰምጥም። ሁለት አህጉሮች ሲገፋፉ ሁለቱም አንሰምጥም አሉ። መሃላቸው የነበረው ተጨማደደና ወደ ላይ ተነሳ።

ቤት ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። የተነጠፈ ምንጣፍ አንዱን ጫፍ ግድግዳ አስደግፉና ሌላውን ጫፍ ግፉት። ይታጠፋል፣ ያብጣል፣ አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ ይወጣል። ሂማሊያ በጣም ትልቅ የሆነ እንዲህ ያለ እጥፋት ነው። ግፊቱ ዛሬም አልቆመም። ተራራው ያድጋል፣ እያደገም ይላጣል። የተላጠው የት እንደሄደ ሜዳ ላይ ስንደርስ እናያለን።

ሌላም መንገድ አለ። ካሊፎርኒያ ያለው ሴራ ኔቫዳ አለቱ በአብዛኛው ግራናይት ነው፤ ማለትም ድሮ መሬት ውስጥ ከቅልጥ አለት ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ። ተራራ አድርጎ ያቆመው ግን ስብራት ነው። ግዙፉ የቅርፊት ቁራጭ በምሥራቅ ጎኑ ተሰብሮ፣ እንደ ሣጥን ክዳን በአንድ ወገን ከፍ አለ። ስለዚህ በምሥራቅ የመጣ ሰው ቀጥ ያለ ገደል ያጋጥመዋል። በምዕራብ የመጣው ረጅምና ለዘብ ያለ ዳገት ይወጣል።

የኢትዮጵያን የሰሜን ተራሮችም ላንሳ፤ ምክንያቱም ላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ስለሆኑ ለጸሐፊው የሚመሰክሩ ይመስላሉ። ቅርጻቸውን ግን ልብ በሉ። የእሳተ ገሞራ ሾጣጣ ክምር አይመስሉም። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰው ላቫ አንዱ በአንዱ ላይ ተነጥፎ ከፍ ያለ ምድር ሆነ። ከዚያ በኋላ ውሃ ገብቶ ቆራረጠው። የምናደንቃቸው ገደሎችና ሹል ጫፎች ውሃው ወስዶ የተረፉት ናቸው።

«ሰፊ ሸለቆ የድሮ ሰፊ ወንዝ ምልክት ነው»

እንድጽፍ ያስነሳኝ ይኼ ነው።

ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት አሜሪካ ያለውን ግራንድ ካንየንን ነው። እኔም እሱኑ ልውሰድ። 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ከ1,800 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለ። ከሥሩ የሚፈሰው የኮሎራዶ ወንዝ ግን ስፋቱ በአማካይ 90 ሜትር ገደማ ነው። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን 29 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ወንዝ ልንፈልግ ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ እዚያ አልነበረም።

ወንዝ እንደ መጋዝ ነው። በዋናነት የሚቆርጠው ወደ ታች ነው። ወርዱን የሚያሰፉት ሌሎች ናቸው። ዝናብ ግድግዳውን ያጥበዋል። የጎን ጅረቶች የየራሳቸውን ትንንሽ ሸለቆ ይቆርጣሉ። ውሃ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ሌሊት ወደ በረዶነት ይለወጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ ይከፍተዋል። ቀን ይቀልጣል፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ሌሊት እንደገና ይከፍታል። ከብዙ ዙር በኋላ አለቱ ይለቅና ናዳ ሆኖ ይወርዳል። የወንዙ ትልቅ ሥራ እዚህ ላይ ማጋዝ ነው። የወረደውን ባይወስደው ኖሮ ሸለቆው በራሱ ፍርስራሽ ይሞላ ነበር።

የግራንድ ካንየንን ፎቶ ያየ ሰው ግድግዳው ደረጃ ደረጃ እንደሆነ ያስታውሳል። ቀጥ ያለ ገደል፣ ከሥሩ ተዳፋት፣ እንደገና ገደል፣ እንደገና ተዳፋት። ይህ የአለቱ ጠባይ ነው። የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ እዚያ ደረቅ አየር ውስጥ ጠንካራ ስለሆኑ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በመሃል ከጭቃ የተጋገረ ለስላሳ ድንጋይ አለ፤ እሱ ቶሎ ይፈርሳል። ሲፈርስ ከላዩ የቆመውን ጠንካራ አለት መቆሚያ ያሳጣዋል። ተንጠልጥሎ የቀረው አለት በገዛ ክብደቱ ይገነጠላል። ገደሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ ማለት ነው። ይህን ለ5 ወይም 6 ሚሊዮን ዓመት ደጋግሙት። 29 ኪሎ ሜትሩ የመጣው በአብዛኛው ከእንዲህ ዓይነቱ ማፈግፈግ ነው።

ስለ ውሃ ጉልበትም ጸሐፊው ትንሽ አጋነዋል። ንጹሕ ውሃ ጠንካራ አለት ላይ ብዙም ጥርስ የለውም። ጥርሱ የሚሸከመው ጠጠርና አሸዋ ነው። ከወንዝ ዳር አንድ ጠጠር አንሱና በእጃችሁ አገላብጡት። ጠርዝ የለውም። ለስላሳ ነው፣ እንቁላል ይመስላል። አሁን ደግሞ ገደል ሥር ከወደቀው ድንጋይ አንድ ስባሪ አንሱ። ጠርዙ እጅ ሊቆርጥ ምንም አይቀረው። ያ ለስላሳ ጠጠር አንድ ቀን እንዲህ ስለታም ነበር። በመንገዱ ላይ ከወንዙ አልጋና ከጓደኞቹ ጋር ሲላተም ጠርዙን ጣለ። እሱ ሲፋቅ አልጋውንም ፋቀ። ወንዙን ተከትላችሁ ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ጠጠሩ በጥቅሉ እያነሰና እየለሰለሰ ይሄዳል።

እሺ፣ ወንዝ ጭራሽ ያልቆፈራቸው ሸለቆዎችስ? ስምጥ ሸለቆ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሰመጠ እንጂ አልተቆፈረም። ቅርፊቱ ግራና ቀኝ ሲጎተት መሃሉ ይሰበርና ቁልቁል ይወርዳል። የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ጠለል በታች 430 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቅርፊቱ ተሰብሮ ባይወርድ ኖሮ ወንዝ ብቻውን እዚያ አያደርሰውም ነበር።

ኖርዌይ ያለው ሶግነፍዮርድ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ የብስ የገባ የባሕር ሸለቆ ነው። ወለሉ ከባሕሩ ገጽ በታች እስከ 1,308 ሜትር ይወርዳል። ወንዝ ባሕር ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል፤ ከባሕር በታች አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ቆፍሮ አይወርድም። ይህን የቆፈረው የበረዶ ግግር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስለ በረዶ ግግር የጻፉት አንቀጽ የጽሑፋቸው ምርጥ ክፍል ነው። የወንዝ ሸለቆ ታቹ ጠባብ፣ የበረዶ ሸለቆ ግን እንደ ገንዳ ታቹ ሰፊና ጎኑ ቀጥ ያለ እንደሆነ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። በረዶ ለብቻው ከአለት ይለሰልሳል። አለቱን የሚፍቁት ከበረዶው ሥር ተጣብቀው አብረው የሚጎተቱት ድንጋዮች ናቸው፤ እንጨት እንደሚያለሰልስ ሻካራ ወረቀት። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ጭረታቸው አለቱ ላይ ይቀራል፤ ግግሩ በየት በኩል እንዳለፈ ከጭረቱ ይነበባል። ከእንዲህ ያለው ሰፊ ሸለቆ መሃል ብዙ ጊዜ አንዲት ቀጭን ጅረት ትፈሳለች። ሸለቆውን እሷ አልሠራችውም፤ ተከራይ ናት። ታዲያ ይህን የሚያውቁ ሰው ከሁለት አንቀጽ በኋላ «ሰፊ ሸለቆ የሰፊ ወንዝ ምልክት ነው» ማለታቸው ገርሞኛል።

ጽሑፉ ያላነሳው

ጸሐፊው «መሸርሸር» በሚል አንድ ቃል ሁለት ሥራዎችን አጭቀዋል። አንዱ አለቱን ባለበት መስበር ነው። ሌላው የተሰበረውን ማንሳትና መውሰድ ነው። ያ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ውሃ ሰባሪ ነው። ወንዙ፣ ነፋሱና የበረዶ ግግሩ በዋናነት ወሳጆች ናቸው፤ ሲወስዱም ይፍቃሉ። ሳይሰብር የሚያፈርስም አለ፤ የሚያሟሟ። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ደካማ አሲድ ይሆናል። የለስላሳ መጠጥ አረፋ ከዚሁ ጋዝ ነው። ይህ ውሃ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ቱቦ ይሆናል፣ ቱቦው አዳራሽ ይሆናል። አሜሪካ ያለው የማሞዝ ዋሻ እስካሁን የተለካው ብቻ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዳንዴ የዋሻው ጣራ ይደረመስና ላዩ ላይ ድንገት ጉድጓድ ይከፈታል። ተራራም ሜዳም ያልሆነ፣ ግን እውነተኛ የመሬት ገጽታ ነው።

«በረሃን የሠራው ነፋስ ነው»

ይኼን ቶሎ ልለፈው። በረሃ ማለት ዝናብ ያነሰበት ቦታ ነው፤ አሸዋ ማለት አይደለም። አንታርክቲካም በዚህ መለኪያ በረሃ ነው። ሰሃራ እንኳን በአሸዋ የተሸፈነው ሩብ ያህሉ ነው። የቀረው ጠጠር፣ ራቁቱን የቀረ አለትና ተራራ ነው። በሰሃራ ካርታ ላይ ደረቅ የወንዝ መንገዶች ሞልተዋል። ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን የሚይዘው ዕፅዋት ስለሌለ ሁሉም ባንዴ ጎርፍ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወስደውን ደለል ነፋስ ለዓመታት ቢለፋም ላይወስደው ይችላል።

የነፋስ እጅ ጎልቶ የሚታየው የአሸዋ ክምር ላይ ነው። ነፋስ የሚመጣበት ጎን ለዘብ ያለ ተዳፋት ነው። አሸዋው በዚያ ዘሎ ዘሎ ይወጣና ከአናቱ ወዲያ ይወድቃል። ወዲያኛው ጎን ገደላማ ነው፤ ግን ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ ቀጥ ማለት አይችልም። ደረቅ አሸዋ ከዚያ በላይ ሲቆለል ይንሸራተታል። ደረቅ አሸዋ መሬት ላይ በቀስታ አፍሱ፤ የምትሠሩት ትንሽ ክምር የጎኑ ዝንባሌ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ሜዳ ምንም ያልደረሰበት መሬት ነው»

እንዲያውም ብዙ ነገር የደረሰበት እሱ ነው። የተላጠው ሂማሊያ የት ሄደ ብዬ ነበር። የሰሜን ሕንድ ሰፊ ሜዳ ሥር ብትቆፍሩ በብዙ ቦታ ኪሎ ሜትሮች የሚወፍር ደለል ታገኛላችሁ። ተራራው በክብደቱ አጠገቡ ያለውን ቅርፊት አጎበጠው፤ ጉድጓድ ሆነ። ወንዞቹ ከተራራው ያመጡትን ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሞሉ። ላዩ ተስተካከለና ሜዳ አልነው። ጋንጀስና ብራህማፑትራ ዛሬም በዓመት 1 ቢሊዮን ቶን ያህል ደለል ይዘው ይወርዳሉ።

ከዝናብ በኋላ ጥርጊያ መንገድ ዳር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቀጭን ፈሳሽ ከዳገቱ ይወርድና ኩሬ ውስጥ ይገባል። ኩሬው ሲቀበለው ፍጥነቱ ይሞታል። የተሸከመውን አሸዋ እዚያው ይጥላል። ትንሽ ማራገቢያ የመሰለ ጉብታ ይሠራል። ፈሳሹ በገዛ ጉብታው ይታገድና ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል። ይህ መዳፍ የሚያህል ደልታ ነው። የዓባይ ደልታ በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው፤ መጠኑ ብቻ ነው የተለየው።

ደልታ ደግሞ ካልመገቡት ይከሳል። በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ በአብዛኛው ከግድቡ ኋላ ቀርቷል። የሜዲትራኒያን ማዕበል ግን መብላቱን አላቆመም። ዓባይ ወደ ባሕር ከሚገባባቸው አፎች አንዱ በሆነው በሮዜታ በኩል የባሕሩ ዳር ወደ ኋላ ሸሽቷል። ምንም ያልደረሰበት መሬት እንዲህ አይሆንም።

«በሚሊዮን ዓመት ስለሚሆን የሰው ዓይን አያየውም»

የፓሪኩቲኑ ገበሬ ቢሰማ ይስቃል። ግን በአንድ ምሳሌ አልለፈው።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1835 ቺሊ ተንቀጠቀጠች። (ቀኑ ከፓሪኩቲን ጋር መግጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው።) የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ያኔ በአካባቢው እየዞረ ነበር። የተሳፈረበት መርከብ አዛዥ ፊትዝሮይ ሳንታ ማሪያ ደሴት ላይ ሲደርስ፣ አለት ላይ እንደተጣበቁ የሞቱ የባሕር ዛጎሎች ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር 3 ሜትር ገደማ በላይ ሆነው አገኘ። እየሸተቱ ነበር። መሬቱ ከነዛጎሎቹ ነው የተነሳው።

በሴፕቴምበር 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ላይ ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ ቅርፊቱን ከፈለው። በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተለያየ። የፈጀው ጥቂት ሳምንታት ነው። ሳይንቲስቶች በሳተላይት ለክተውታል። በመደበኛው አካሄድ የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የሚለያየው በዓመት በሚሊሜትር ነው። ስለዚህ «ቀስ ብሎ» የሚለው የጸሐፊው ቃል በአማካይ ልክ ሊሆን ይችላል። መሬት ግን በአማካይ አይደለም የሚሠራው። ለዘመናት ዝም ይልና ባንዴ ያደርገዋል።

አይስላንድ አጠገብ ሰርትሴይ የምትባል ደሴት በኖቬምበር 1963 ከባሕር ወጣች። በ1967 ፍንዳታው ሲያበቃ 2.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሳ ነበር። ማዕበል ወዲያው ጀመራት። ዛሬ ከግማሿ በላይ የለም። መወለዷን ያዩ ሰዎች ሳያረጁ ስትጠብም አዩ።

የናያጋራ ፏፏቴ ደግሞ ከ12,000 ዓመት ወዲህ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተጉዟል። አሠራሩ ያው የግራንድ ካንየን ደረጃ ነው፤ ከላይ ጠንካራ፣ ከታች ለስላሳ፣ መቆሚያ ያጣው ይገነጠላል።

በመጨረሻ ቀስ የሚለውን ልንገራችሁ፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ታይቷልና። በበረዶ ዘመን ሰሜን አውሮፓን የሸፈነው ግግር በኪሎ ሜትር የሚለካ ውፍረት ነበረው። ክብደቱ ቅርፊቱን ወደ ታች ተጭኖት ነበር። በረዶው ከቀለጠ 10,000 ዓመት ገደማ ሆነው፤ መሬቱ ግን ዛሬም እየተነሳ ነው። ስዊድንና ፊንላንድ መካከል በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ክቫርከን በሚባለው የደሴቶች አካባቢ በየዓመቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አዲስ የብስ ከባሕር ይወጣል። የስዊድኗ ሉሌኦ በ1621 ወደብ ሆና ተቆረቆረች። ብዙም ሳትቆይ ወደቡ ለመርከብ ጥልቀት አጣ። በ1649 ከተማዋን ነቅለው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባሕሩ አስጠጓት። የድሮው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ባሕሩ ነው የሄደው።